የሚዘፍን ልጓም

መሬት ላራሹ በታወጀ በዓመቱ፣ የባላባቱ ዕቃ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ለገበሬው ሲከፋፈል፣ አስተዋይ ሰው ሁሉ ማረሻና ሞፈር አነሳ። ዘይኑልአቢዲን ልጓም አነሳ። ጥፋቱ የጆሮው ነው፤ ቢነቀንቀው ቀለበቶቹ በአምባሰል እንደተቃኘ ክራር ጭል ጭል አሉለት፣ አለቀ።

«ለመሆኑ ፈረስ አለህ?» አለችው ሚስቱ መሪማ።

«ይመጣል።»

ወላሂ መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአጎቱ ባዝራ የወለደችው ዳማ ውርንጭላ አድጎ እጁ ገባ፤ አንገቱ የወይራ ግንድ፣ ደረቱ የመስጊድ በር የሚያክል ጎረምሳ። ዘይኑልአቢዲንም «ለብርቱ ፈረስ ብርቱ ብረት» ብሎ ያንን ልጓም አጎረሰው። ዳማው አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጌታውን ከነዘፈኑ አርዲቦ ውስጥ ዘረገፈው። በማግስቱ ደግሞ ቁልቋል አጥር ላይ።

መሪማ እሾሁን ከጀርባው እየነቀለች ፈረደች፤ «ስማኝ አንተ ዘፋኝ። ለመውሊድ ገበያ እኔን አፈናጥጠህ ሐይቅ ከተማ ድረስ ትወስደኛለህ። ከጣለኝ እዚያው ይሸጣል።»

ዳማውን መሸጥ ለሱ የዘፈኑን አዝማች መሸጥ ነበር። ፈረሱን ስቦ ባለእጁ ፈንታሁን ዘንድ ወረደ።

«አያ ፈንታሁን፣ ከዚህ የከበደ ብረት ቀጥቅጥልኝ።»

ሽማግሌው የፈረሱን አንገትም ደረትም ከቁብ አልቆጠረ። ከንፈሩን ገልጦ አፉን አየ። ምላሱ ተልጧል።

«ከዚህ የሚከብድማ ቀንበር ነው» አለና ልጓሙን አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ጀርባውንም ሰጥቶት ቆመ። «በል፣ ፈረሱ እኔ ነኝ። የልጓሙን ዛብ ይዘህ እንደልማድህ ጋልበኝ።»

ዘይኑልአቢዲን ዛብ ይዞ ዝም ማለት መቼ ያውቃል!

«የአርዲቦን ውሃ ንፋስ ሲወዘውዘው፣
ዳማዬ ነው እንጂ ልቤን ማን ያግዘው…»

«ኧረ በእመቤቴ!» ሽማግሌው የተላጠ ጣቱን እየላሰ ዞረ። «በየምቱ እኮ ዛቡን ትነጥቃለህ! የፈረሱ አፍ ከበሮህ ነው?»

ዘይኑልአቢዲን መሬት መሬት አየ። ፈረሴ አመለኛ ነው ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አውርቶ ነበር።

«ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ የለሰለሰ ብረት እሰጥሃለሁ» አለ ፈንታሁን። «ቀጭን ይቆርጠዋል፣ ወፍራም ያርፍለታል። ቁስሉ እስኪሽር አታጉርሰው። እጅህ ግን ከዘፈንህ አይለይም፤ ወይ ዘፈኑን ወይ ፈረሱን ምረጥ።»

አዲሱ ልጓም ዲዳ ነበር፤ ቢነቀንቀው ምንም አይል።

በመውሊድ ገበያ መሪማ ከኋላው ተፈናጠጠች። ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ብረቱን እያላመጠ፣ እንደ ሙሽራ በቅሎ ሄደ። ዘይኑልአቢዲን ከንፈሩን ነክሷል። መንገድ ላይ ጎረቤታቸው ተሻለች ደነገጠች፤ «ምነው ዘይኑ፣ ማን ሞተባችሁ?»

ሽቅቡን ወጥተው የከተማው ሐይቅ ከነእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎቹ ሲገለጥ፣ ግጥሙ ጉሮሮው ድረስ መጣበት። ዋጠው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ይኼኔ መሪማ ጀርባውን እንደ ከበሮ እየመታች ዘፈኑን አወረደችው፦

«ያንን ዘፋኝ ባሌን አፉን ዘጉለት፣
ዳማው ካልተሸጠ ምን ጎደለበት።»

ድምጿ ከሱ ይበልጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አፏን ለዘፈን አላስከፈታትም።

ገበያው አፍ ላይ አንድ ነጋዴ ዳማውን ዞሮ አየና «ይሸጣል?» አለ።

መሪማ ሳትወርድ፣ «ሂድ ወዲያ!» አለችው።