የተፈቀደልን ዜማው ብቻ ነበር

አንዲት ዘፋኝ ከረጅም ዓመታት ዝምታ በኋላ ያወጣችውን አልበም ሰው ሁሉ እንባ እየጠረገ ሲያዳምጠው፣ እኔ በአንድ መጽሔት ላይ «የሞቀ ወጥ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ትናንት የጣፈጠ ወጥ ዛሬ ቢሞቅም ይበላል፤ ግን ዛሬ ተሠራ ብሎ የሚምል የለም። የጽሑፉ ሐሳብ ይኸው ነበር። አንድም ሰው አልወደደልኝም፤ ስለዚህ ትክክል መሆኔን አልተጠራጠርኩም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ብዙ ሰው የተስማማልኝ እንደሆነ ነው።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ተቀምጬ የማነብበት ጁስ ቤት አለ። ጽሑፉ ከወጣ ከግማሽ ዓመት በኋላ አንዲት ሴት ወንበር ስባ፣ ሳትጠየቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ፖስተሯ ላይ ከምትታየው ታጥራለች። አስተናጋጇ አቮካዶውን ረስታ ቆማ ታየናለች።

«ወጥ ያልከኝ አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ አልኩ። ብክድም አስተናጋጇ አስቀድማ በአገጯ ጠቁማኛለች።

«እንግዲያው የሚቀጥለውን አንተ ሥራው። ግጥሙን።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አወራች፤ ስታወራ እጇ ያለማቋረጥ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያጥፋል። ለመመለሻ አልበም ሰው በናፍቆት ነው የሚመጣው፣ ይቅር ባይ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለሚቀጥለው ግን ጆሮውን ይዞ ይመጣል አለችኝ። ናፍቆቱ አልቋል፣ አሁን እኔ ብቻ ቀርቻለሁ አለች። በሕይወቴ የዘፈን ግጥም ጽፌ እንደማላውቅ ነገርኳት። ታውቃለች፤ የሚያውቁት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ስለጻፉላት ነው የማያውቅ የፈለገችው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ «እንዲህ አይሠራም» ሲል የኖረ ሰው፣ «እንግዲህ ሥራው» ሲባል እምቢ የሚልበት ያማረ መንገድ የለውም።

ዜማው አለ፣ አለችኝ። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው።

የወጣትነት ዘፈኖቿንም፣ ያንን እኔ ወጥ ያልኩትን አልበምም ዜማ የሠራላት አንድ ሰው ነበር። አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳንባው አልችል ብሎ ሞተ። እንደ ሙያው ልማድ ዜማ ሲመጣለት ያለ ቃል፣ በ«ና ና» እና በ«ሌ ሌ» ብቻ እያንጎራጎረ ስልኩ ላይ ይቀዳ ነበር፤ ቃሉን በኋላ ገጣሚ ይሞላዋል። ታሞ በተኛበት ዓመት ዘጠኝ ዜማ ቀድቷል። ስልኩ ያለው እናቱ ዘንድ ነው።

እናቱ እዚሁ እኛ ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለ ግቢ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የኖሩ፣ አጥባቂ ጴንጤ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ነው። ስልኩ መኪናው ላይ፣ ልክ ጨርቅ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ተኝቷል፤ ቻርጀር ተሰክቶበታል። ጥጉ የተሰነጠቀ ተራ ስልክ ነው።

«ዜማውን ውሰዱ» አሉን። «የሠራው ሊዘፈን ነው። ድምፁ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። ድምፁ የእኔ ነው።»

ስልኩ ከቤት እንዳይወጣ፣ ቅጂው ወደ ሌላ ስልክ እንዳይተላለፍ፣ እዚያው ተቀምጣ በጆሮዋ እንድታጠናው ተስማማን። ቃል ገባች። እኔም ምስክር ይመስል ራሴን ነቀነቅሁ። ጠያቂ ነኝና፣ እርስዎስ ይሰሙታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከቀብሩ ወዲህ አንድም ቀን አልሰሙትም። በየቀኑ ቻርጅ ያደርጉታል እንጂ አይከፍቱትም።

«ከሰማሁት ያልቃል» አሉ። «ያለቀብኝ ዕለት ምን ልሰማ ነው?»

ፋይል በመሰማት ብዛት እንደማያልቅ አስረዳኋቸው። እውነቴን ነው፣ አስረዳኋቸው። ብዙ ያነበበ ሰው በሚታይበት ዓይን አዩኝና ነጠላቸውን አነሱ።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድን መሥራት ጀመርን። እኛ ስልኩን ልንከፍት ስንል እናቱ ነጠላቸውን ለብሰው ይወጣሉ፤ ቤቱ ለሦስታችን ይቀራል። እኔ፣ እሷ፣ እና እሱ።

ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይጀምራል። ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል። የዜማውን ቁጥር ይናገራል። ወንበር ይንቋቀቃል፤ ከዚያ ዜማው ይመጣል። ወንበሩ እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው የእንጨት ወንበር እሱ ብቻ ነው። ሲንቋቀቅ የስልኩ ይሁን የእሷ የማይለይበት ጊዜ ነበር። ከጀርባው የአጎራባቹ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ልምምድ ይሰማል፤ እሱም የቀዳው ቅዳሜ ቅዳሜ ኖሯል። በመስኮቱ ደግሞ ያው ኳየር፣ ያንኑ መዝሙር፣ በዚያው ሰዓት ይለማመዳል። ስልኩን ስናጠፋ መዝሙሩ አይጠፋም። ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ አለኝ፣ አሁን ሰጥቻችኋለሁም፤ ማብራሪያው ግን ክንዴ ላይ የቆመውን ጠጉር አላስተኛውም።

ከሁሉም የከፋው ትንፋሹ ነው። ሰው የሚተነፍሰው ስንኝ ሲያልቅ ነው። እሱ መሀል ላይ ነበር የሚተነፍሰው፤ አጭር፣ ደረቱ ላይ ሳይደርስ አንገቱ ላይ የሚቆም ትንፋሽ። ከዚያ ትንሽ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ዜማው፣ ደረጃ ወጥቶ እንደደከመው ሰው፣ ዘግይቶ ይመጣል።

በሦስተኛው ወር ደብተሬን ገልጬ የጻፍኳቸውን ስንኞች ተራ በተራ ሳነብ፣ ሁሉም የሚሰበሩት እንግዳ ቦታ ላይ ነው። እኔ አዲስ አሰባበር ያገኘሁ መስሎኝ ተደስቼም ነበር። ስንኞቼን የለካው የአንድ ሙት ሳንባ መሆኑን ያወቅሁት እሷ ስታነብልኝ ነው። በዚያው ሰሞን ከታቦር ተራራ ሥር በባጃጅ አብረን ስንወርድ፣ ለሾፌሩ የምንወርድበትን ከመንገሯ በፊት ጉሮሮዋን ሁለቴ ጠረገች። ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አልገባትም።

ስቱዲዮው ታቦር ሥር፣ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ አንድ ክፍል ነበር። አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ የሐይቁ ትልልቅ ወፎች፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ሲራመዱ ቀረጻ ይቋረጣል፤ አቀናባሪው ጎረቤት የለመደ ሰው ነውና እስኪሄዱ በትዕግሥት ይጠብቃል። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ዘፈን ግን አባ ኮዳም ሳይኖር እጁን አነሳ።

«ከእሷ ጋር ማን ገብቷል?»

ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው እሷ ብቻ ናት። አቀናባሪው ሙዚቃውን ሁሉ ዘጋግቶ ድምፅዋን ብቻ አሰማኝ። ድምፁ የሴት ነው። ትንፋሹ የወንድ ነው፣ አለኝ። እሷ እንደ ወትሮዬ ነው የተነፈስኩት አለች፤ አልዋሸችም። አቀናባሪው ትንፋሽ መቁረጥ ሙያው ነውና ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ቆረጣቸው። እንደገና ሲከፍተው ድምፅዋ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ዘግይቶ ይመጣል። በትንፋሹ ፈንታ ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ ባዶውም ልክ የእሱን ያህል ነው። ሁለቱን አስተያይተን ስንሰማ ከነትንፋሹ የነበረው ተሻለን፤ ያ ቢያንስ ሰው ነበር።

አቀናባሪው ዘፈኖቹን በሙሉ ምት እየቆጠረች እንደ አዲስ ትዝፈናቸው አለ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ግን ይስተካከላል። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ቃል ገብተናል። ትንፋሹን እንዳለ ብንተወው ቃል ማፍረስ ነው?»

«ትንፋሽ ድምፅ አይደለም» አልኩ።

ያማረ ዓረፍተ ነገር ነበር። እያልኩት ሳለ ማማሩ ተሰምቶኛል፤ መጠርጠር የነበረብኝም ያኔ ነው።

አልበሙ ሲወጣ መጀመሪያ ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ዩቲዩብ ሥር «ምነው ደከማት፣ ታማለች እንዴ» የሚል በዛ። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ጸልዩላት አለ። ሌላው ደግሞ ትንፋሹ ከጥንት የአካባቢው አዘፋፈን የተወሰደ ነው ብሎ ረጅም ትንታኔ ሰጠ፤ ሲዳማ የሆኑት የጎረቤቴ አባወራ ትንታኔውን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀስ በቀስ ዘፈኖቹ ተወደዱ። ካለፈው ይበልጣል ተባለ። ግጥሙንም ያወደሱ ነበሩ፤ በልምዴ መሠረት ተጠራጠርኩ።

ከዚያ ሰው አብሮ መዝፈን ጀመረ።

በመጀመሪያ ያስተዋልኩት ፀጉር ቤት በር ላይ ነው፤ ሹሩባ የምትሠራው ልጅ በሁለተኛው ስንኝ መሀል አንገቷ ላይ የሚቆም አጭር ትንፋሽ ወሰደች። ቀጥሎ ትምህርት ቤት የተለቀቁ ሴት ተማሪዎች። ቀጥሎ የባንክ ጥበቃው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ቆሜ ነበር፤ ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ እያጨበጨቡ ከዘፈኖቹ አንዱን ያዙ። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ጭብጨባው ቆመ፤ ሁሉም እኩል ተነፈሱ። ከዚያ ያ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ዘግይተው፣ እየሳቁ ቀጠሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ደረታቸው ጤነኛ የሆነ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች የአንድ በሽተኛ ሰው የመጨረሻ ዓመት ትንፋሽ እየተነፈሱ ነው። ዕድሜ ልኬን የጻፍኩት ቃል በሰው አፍ ላይ ሆኖ ለመስማት ተመኝቼ ነበር። አፋቸው ላይ ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሹን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም።

እናቱ ያስጠሩን በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ስልኩ ቦታው ላይ ነው፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል። ቁጭ በሉ አሉን፤ እሷ እንጨት ወንበሩ ላይ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ።

አልበሙን ላለመስማት መጠንቀቃቸውን ነገሩን። ሬዲዮ አይከፍቱም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ከመንፈሳዊው ጣቢያ ወዲያ አያልፉም። ግን ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባጃጅ ቴፑ የተበላሸ ነበር፤ ሾፌሩ ራሱ ያንጎራጉር ነበር።

«ልጄ አጠገቤ የተቀመጠ መስሎኝ ወደ ግራዬ ዞሬ አየሁ» አሉ። «የገዛሁት ድንች ነበር የተቀመጠው።»

እሷ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥበዋ ሴት ትተነፍሰዋለች። ድንች የምትሸጥላቸው ትተነፍሰዋለች። ባለፈው እሑድ ጉባኤው ዓይኑን ጨፍኖ በዝምታ ሲጸልይ፣ ትንፋሹ ከኋላቸው መጣ።

«ድምፁን አላወጣችሁም። ቃላችሁን ጠብቃችኋል። ትንፋሹን ግን ማን ፈቀደላችሁ?»

እኔ ነኝ አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ስልኩ ጠቆሙ። «ክፈችልኝ» አሏት።

ከፈተችው። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። «አንድ» አለ። ወንበሩ ተንቋቀቀ፤ እሷ አልተነቃነቀችም። በስልኩም በመስኮቱም ኳየሩ ይዘምራል። እናቱ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው መርፌ ላይ ሳያነሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ድገሚው አሉ። ደገመችው።

«ይኼ ማን ነው?»

«እሱ ነው፣ እማማ» አለች።

«እሱን ይመስላል» አሉ። «ሁሉም እሱን ይመስላል።»

ፋይሉ አላለቀም። ትክክል ነበርኩ፤ አንዲት ሰከንድ እንኳ ሳይጎድል ሙሉውን እዚያው አለ። ያለቀው ሌላ ነው። ያስቀመጡትን የመጀመሪያ መስማት ባጃጅ ነጂውና ልብስ አጣቢዋ ቀድመው ወስደውባቸዋል፤ ሲከፍቱት ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ አገኙት።

ከዚያ እሷን ዝፈኚ አሏት። የመጀመሪያውን፣ ያለ ቃል፣ እሱ እንዳለው አሉ። ወንበሩ ላይ ተስተካክላ በ«ና ና» ጀመረች። መሀሉ ላይ ስትደርስ ትንፋሹ መጣ፤ አንገቷ ላይ ቆመ። እናቱ ብድግ ብለው ከኋላዋ ቆሙና መዳፋቸውን ትከሻዋ መሀል አሳረፉ፤ የሚያስል ሰው እንደሚደገፍ፣ ሠርተውት ሠርተውት እጃቸው እንደለመደው።

«ቀስ» አሉ። «ቀስ፣ ልጄ።»

ዘግይታ ቀጠለች። እስክትጨርስ እጃቸውን አላነሱም። ሲያነሱ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀሉት፤ ሽቦውን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ከነስልኩ የክር መሳቢያው ውስጥ ከተቱትና መሳቢያውን ገፉት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ» አሏት።

ትሄዳለች። ቀጣዩ አልበም መቼ ነው ሲሏት ትስቃለች፤ ሌላ ቦታ አትዘፍንም። በዚህኛው አልበም ላይ አስተያየት ጻፍልን ያለኝን መጽሔት ጊዜ የለኝም ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እስከ ጨርቃ ጨርቅ ሱቁ እሸኛታለሁ፤ ግቢው ውስጥ አልገባም። ከዚያ ሆኜ በሩ ይታየኛል። ደርሳ ትቆምና ጉሮሮዋን ሁለቴ ትጠርጋለች። ሳታንኳኳ ይከፈትላታል።