አፈር ላይ የተጻፈ «አባ»

ወደ ሱዳን ስንሻገር መንገድ ላይ ያዙንና ጎንደር አካባቢ ካለ አንድ እስር ቤት ከተቱን። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ ቀጭን ብርሃን፣ ውስጡ አቧራ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ከሥሩ አንዲት ሕፃን እጇን ዘርግታ አቧራውን ልትይዝ ትሞክራለች። ገና ለትምህርት ያልደረሰች ናት። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አባቷ ከግቢው ማዶ፣ ከወንዶቹ ጋር ታስሯል። እነሱም እንደኔ ኢየሩሳሌም ብለው የተነሡ ናቸው።

እዚያ ቀኑ ከእንቅልፍ አይለይም ነበር። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳይታወቀኝ አንድ ጠዋት ልጅቷ አጠገቤ መጥታ፣

«እትዬ፣ መጻፍ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ለአባ ልጽፍለት ነው።»

እናቷ ቀና አለች። «ተያት እህቴ። ወረቀት ቢያገኙብን አይለቁንም።»

«ወረቀት አያስፈልገንም» አልኳት።

ከመጠጥ ውሃዬ ጥቂት የአፈር ወለሉ ላይ አፈሰስኩ። ጣቶቿ ለመጻፍ ገና ስላልጠነከሩ መጀመሪያ ጭቃውን እንድታሽ፣ እንድታድቦለቡል አደረግኋት። ከዚያ የቆመ መስመር፣ ከዚያ የተኛ። ክብ ስትሠራ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ እያላት ትስቃለች። ፊደል ያሳየኋት ጣቷ መስመሩን ከለመደ በኋላ ነው። አንዳንዴ «አ» ሦስት እግር ያወጣል። እጇን ይዤ አልመራኋትም። እናቷም ሳታስበው ቀስ በቀስ ወደ እኛ ተጠጋች።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ያወጡናል። ወንዶቹ ውሃ ሊቀዱ ተሰልፈው በፊታችን ያልፋሉ፤ መነጋገር ግን ክልክል ነው። አንድ ቀን ወንዶቹ ከመውጣታቸው በፊት ልጅቷ መተላለፊያው ላይ ተንበርክካ በጣቷ «አባ» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ነበሩ።

«ተነሺ» አላት ጠባቂው። ተነሥታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

ሰልፉ መጣ። አባቷ ከፊት ነበር። ፊደሎቹ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከዚያ ዞሮ አለፈ። ከኋላው ያለውም ዞረ። ቀጣዩም።

«ቀጥ ብላችሁ ሂዱ» አለ ጠባቂው።

ሁሉም አንድ በአንድ ዞረው አለፉ። አንድም እግር አልረገጣቸውም። ጠባቂው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

እኛን ሴቶቹን ቀድመው ፈቱን። እኔም ውዬ አድሬ እዚህ ቤርሼባ ከተማ ደረስኩ። ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ባለ ጋን፣ በሕፃናት መዋያ፣ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ የዚያችን ልጅ አባት አገኘኋቸው። ሸምግለዋል። ልጃቸው ሰሜን ትኖራለች፣ ወልዳለች።

«አባባ፣ ያኔ የጻፈችውን አንብበውት ነበር?»



«ማንበብ የት አውቄ፣ ልጄ። የሷ ጣት መሆኑን ግን አወቅሁ።»

አውቶቡሳቸው መጣና ተሳፈሩ።

ጋን ውስጥ ወላጆች ሲመጡ ይቸኩላሉ። «ስሟን መጻፍ ጀመረች?» ይሉኛል። ገና ነው እላለሁ፤ ልጃቸው መስመርና ክብ የሞላችበትን ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። ትናንት አንዲት እናት ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ልትከተው ስትል እጇን ያዝኩ።

«መጀመሪያ እይላት» አልኳት።