ከመምህሩ ሻይ ቤት የጠጣሁት ውሃ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ወረታ ገበያ ዳር ልብስ እየሰፋሁ በምተዳደርበት ወቅት ነው። ዓመታት ቢያልፉም ከሰው እጅ ውሃ ስቀበል ትዝ ይለኛል።

ያኔ መኳንንት የሚባል የመንግሥት ጤና አስተማሪ ነበረን። ቀበሌው ለስብሰባ በጠራን ቁጥር ፊት ለፊታችን ቆሞ ስለ ውሃ ያስተምረናል። የፎገራ ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ ወንዙም ኩሬውም ይጎድልና አልቅት ይበዛል። አልቅት ከውሃ ጋር ስትዋጥ ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ ደም ትመጥጣለች። መኳንንት ታዲያ ነጠላ አጥፈን ሳናጠልል እንዳንጠጣ አጥብቆ ይመክረን ነበር።

ከተጣበቀች በኋላ እንዴት እንደምትወጣም ነግሮናል። ውሃ ሳይቀምሱ መዋል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ላይ አፍ ከፍቶ መጎንበስ። ወደ ውሃው ብቅ ስትል እንዳታሙለጨልጭ አመድ በነካ ጨርቅ መያዝ ነው። ከልቤ አከብረው ነበር። መምህር የሚለውን ስም ያወጣንለትም እኛው ነን።

ኋላ ሥራውን ለቀቀና ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፈተ። ለሰው ማደር ሰለቸኝ፣ ለራሴ ሠርቼ ሰው ልሁን አለን። ደስ አለኝ። ንጹህ ውሃ የሚገኝበት ቤት ካለ የእሱ ነው ብዬ ከቤት ውሃ ይዤ መውጣቱን ተውኩ።

አንድ በጋ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ቀጥሎ ደም መትፋት መጣ። የሳምባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ሳምባ የያዘው ሰው የሰፋውን ልብስ ማን ይለብሳል? ደንበኞቼ የሰጡኝን ጨርቅ መልሰው ይወስዱ ጀመር። ባለቤቴ ዘሃራና ልጆቼ ከዚያች መኪና በቀር መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

ከሁሉ የከፋው ግን መኳንንት ነው። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ወደ ሻይ ቤቱ ስሻገር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰው እየሰማ፣ “አብዱ፣ እንግዲህ እዚህ አትምጣ፤ ደንበኞቼን ታሸሽብኛለህ” አለኝ። ያ ሁሉ ትምህርት እያለው፣ እስቲ ጉሮሮህን ልየው እንኳ አላለኝም።

ቤቴ ገብቼ ለዘሃራ ነገርኳት። ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ አፌን አስከፈተችና ጎንበስ ብላ አየች። ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር እየተንቀሳቀሰ ነበር። ያን ጊዜ የራሱ የመኳንንት ትምህርት ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ውሃ ሳልቀምስ ዋልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳፋው ላይ አፌን ከፍቼ ጎነበስኩ። ምላሴ ላይ ስትንሸራተት ተሰማኝ። ዘሃራ አመድ በነካ ጨርቅ ለቀም አድርጋ ሳበቻት። በደሜ ያበጠች፣ አውራ ጣት የምታህል ነበረች።

ጠዋት አልቅቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ሻይ ቤቱ ገባሁ። ዙሪያዬን ሳይ ከወንዝ የተቀዳው ውሃ አፉን በከፈተ በርሜል ተቀምጧል፤ ማጥለያ የሚባል ነገር የለም። ከጠረጴዛው ባዶ ብርጭቆ አንስቼ አልቅቷን ጨመርኩበትና ፊቱ አስቀመጥኩለት። የተቀመጠው ሰው ሁሉ አያት።

“አጥልሉ ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ?” አልኩት።

አልደነገጠም። “እሱ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ይኸ የራሴ ነው። ውሃ ሳጠልል ብውል ሻዩን ማን ያፈላልኛል?” አለኝ።

ከዚያ አልቅቷን በጣቱ አውጥቶ ደጅ ወረወራት። ብርጭቆውንም እዚያው በርሜል ውስጥ ነከር አደረገና ከታጠቡት ጎን ደፋው።

ወሬው በገበያው ስለተዳረሰ ደንበኞቼ እያፈሩ ተመለሱ። እኔም መኪናዬ ላይ ተመለስኩ፤ ያን ሻይ ቤት ግን ዳግመኛ አልረገጥኩም።

ዛሬ ዘሃራ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ይቅር በለው ትለኛለች። አልቅቷን ይቅር ብያታለሁ። እሷ ደም ከመምጠጥ በቀር የምታውቀው የለም። እሱ ግን ያውቅ ነበር።