ሦስት እቅፍ ግራጫ

ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሮቤ ላይ በር አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ሐመልማል ይህን ንፋስ ጎባ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ደግሞ በመርፌ ስትመክተው ኖራለች። ከልብስ ሰፊዎች የተረፈውን ቁርጥራጭ ትለቅማለች፤ በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ በአንድ ልክ ቆርጣ ታጋጥማለች። ከዚያ መሀሉን ጥጥ፣ ከሥሩ ገበር አድርጋ የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። ሰው “ድሪቶ” ቢለው አትቀየምም።

“ድሪቶ ነው። አንድ ሌሊት ተኛበትና ከዚያ ስደበው” ትላለች።

ጨርቅም እንደ ዝናብ ወቅት አለው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም ይቆረጣልና ግራጫው ይዘንባል። በጥር ሰርጉ ሲበዛ አበባውና ሐሩ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ከገባ እስከ ክረምት ግን ድርቅ ነው፤ የልብስ ሰፊዎቹ ወለል ተጠርጎ ይውላል። ለዚህ ነው ሐመልማል የሰጧትን ሁሉ ተቀብላ የምታከማቸው። ምን ያህል ይበቃል ብላ ጠይቃ አታውቅም። አከራይዋ ኦቦ ባዳሳ በነጻ በሰጧት እቃ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ማዳበሪያ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ኦቦ ባዳሳ ከዘራቸውን ይዘው በሯ ላይ ቆሙ።

“አካም ጅርታ፣ አዴ ሐመልማል?”

“ነጋዳ፣ ኦቦ ባዳሳ። ምነው በጠዋቱ?”

“ኮምባይነሩ ሰኞ እርሻዬ ውስጥ ይገባል። ስንዴዬ ሜዳ ላይ ይደር? እቃ ቤቷን እስከ እሑድ ልቀቂልኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ።”

“እዚያ ያለው እኮ ጨርቅ ነው፣ ኦቦ።”

“ጨርቅ መሆኑንማ መች አጣሁት! እንዳከማቸሽው ብዛት አገሩ ሁሉ ራቁቱን የቀረ መስሎኝ ነበር።”

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ቦታውን አሰላች። የቀራት አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋዋ ሥር ቢጠቀጠቅ የሚገባው ሁለት ማዳበሪያ ነው። ሥራዋ ደግሞ ገና ግማሽ ላይ ነበር። በጎባ መንገድ አዲስ ፔንሲዮን የከፈተችው ሴና ስድስት የአልጋ ልብስ አዛታለች።

“ስድስቱም የአንድ እናት ልጆች ይምሰሉልኝ። የገና በዓል ሳይገባ አልጋው ላይ ላያቸው እፈልጋለሁ” ነበር ያለቻት።

ሦስቱ አልቀዋል። ሐመልማል እነሱን ስትሰፋ አዲስ ደስታ ነበር የሚሰማት። ሃያ ዓመት ሙሉ ድሪቶዋን የገዛት ብርድ የጠናበት፣ ሌላ መግዣ ያጣ ሰው ነበር። ሳይቸግራት፣ አምሯት ያዘዘቻት ሴና የመጀመሪያዋ ናት። ይህ ከእጇ ቢያመልጥ ሁለተኛ እንደማይመጣ ታውቃለች።

ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናፍቆት ልታግዛት መጣች። ማዳበሪያዎቹን ደጅ ላይ ዘረገፏቸው።

“እትዬ፣ ይህችስ?” አለች ናፍቆት፣ ቀይ አበባ የፈሰሰባትን ብጣሽ አንሥታ።

“የመቅዲ የመልስ ቀሚስ ናት።”

“መቅዲ ከተፋታች እኮ ስንት ዓመቷ!”

“ሰዎቹ ተፋቱ እንጂ ጨርቁ መች ተፋታ? አስቀምጫት።”

እንዲህ እያለች አበባውን ሁሉ ወደ ራሷ ሰበሰበችው። እያንዳንዱ ባለቤት አለው፤ እያንዳንዱ የጭፈራ ድምፅ አለው። በአፏም ታንጎራጉር ነበር፦

የሙሽሮች ቀሚስ የበዓል ጨርቃቸው፣
እጄ ላይ ቢያድሩ ሞቀኝ ትዝታቸው።

“ይሄ ሁሉ ግራጫስ?”

“እሱማ የትም ሞልቷል። ይሂድ።”

ከጎባ የሚመጣው ፍራሽ ሰሪ ሙለታ በገበያ ቀን ሮቤ ላይ ብጣሽ ይሰበስባል። የተረፈውን ዘጠኝ ማዳበሪያ አንድ አይሱዙ ላይ አስጫነና ሄደ። ሁለቱ የአበባ ማዳበሪያዎች አልጋው ሥር ገቡ። እቃ ቤቱ ተጠረገ።

ሰኞ ሐመልማል አራተኛውን የአልጋ ልብስ ጀመረች። በአበባዎቹ መካከል እየተጋደመ የሚያያይዛቸውን ግራጫ ጭረት እሷ ማገር ትለዋለች። ከሰዓት በኋላ ቅርጫቷ ውስጥ እጇን ሰደደች፤ የነካችው የቅርጫቱን ሥር ነበር። ማገሩ አልቋል።

ያለቀውን አንዱን አልጋዋ ላይ ዘረጋችና እንደ እንግዳ ሰው ቆማ አየችው። ዓይን ወደ አበባው ይሮጣል። አበባው ግን ተሰብስቦ ቢታቀፍ አንድ እቅፍ ቢሆን ነው። ዳሩን የከበበው፣ መሀሉን ያሰረው፣ ጥጉን የያዘው ግራጫ ሦስት እቅፍ ይሞላል። ሃያ ዓመት እጇ ያወቀውን ዓይኗ ያየው ያን ቀን ነበር።

ሮቤ ውስጥ ያሉትን የጨርቅ ሱቆች ዞረች። አንዱ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሌላው አመድ ይመስላል። የዩኒፎርሙ ጣቃ መስከረም ላይ መጥቶ መስከረም ላይ አልቋል።

“በአመዱ ጨርሻቸው፤ ሴና አትለየውም” አለች ናፍቆት ማታ በስልክ።

“የአንድ እናት ልጆች ብላ አዘዘችኝ። ሦስት ልጅና ሦስት የእንጀራ ልጅ ላስረክባት?”

“ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?”

“ጎባ እሄዳለሁ።”

ጠዋት ከአልጋው ሥር አበባውን አወጣች። ለቀሩት ሦስት የአልጋ ልብሶች ሦስት እቅፍ ቆጥራ ለየች። አራተኛ ልታክል እጇ ሄዶ ነበር፤ መለሰችው። የቀረውን በሁለት ማዳበሪያ አስራ ሚኒባስ ተራ ሄደች።

“እናት፣ ይሄ ምንድን ነው? ሰው ነው እቃ?” አለ ረዳቱ አንዱን ማዳበሪያ እያነሣ።

“ሙሽሮች ናቸው። ቀስ ብለህ ጫናቸው።”

ሙለታን ጎባ ገበያ ጥግ ባለች ቆርቆሮ ቤቱ፣ ጢሙ ላይ ጥጥ ተንጠልጥሎ፣ ትልቅ ፍራሽ ላይ ተንበርክኮ አገኘችው።

“ሙለታ፣ ግራጫዬን!”

“አካም ቡልቴ የለ፣ ደህና አደርክ የለ! አንቺ ሴት፣ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ አሁን የት አገር ነው?”

“ደህና አደርክ። ግራጫዬን።”

“ግራጫሽ ፍራሽ ሆነ። አንድ ማዳበሪያ ነው ያልተከፈተው፤ እሱን ውሰጂ። አንዱ እዚህ ሆድ ውስጥ ነው። የቀሩትን ሰባቱን ለሌሎች ፍራሽ ሰሪዎች ሸጥኳቸው።”

ሐመልማል አሰበች። ለሦስቱ ዘጠኝ እቅፍ ያስፈልጋል፤ አንድ ማዳበሪያ ከአምስት እቅፍ አይበልጥም።

“ፍራሹን ልፍታው።”

“ዋቃዮ! ባለቤቱ ከሰዓት ከዲንሾ ይመጣል። በምን ልሙላው?”

ያመጣቻቸውን ማዳበሪያዎች ፈትታ እግሩ ሥር ዘረገፈችለት። ቆርቆሮ ቤቷ በአንድ ጊዜ ጥር መሰለች። ሙለታ አንድ የሐር ብጣሽ አንሥቶ በጣቱ ዳሰሰ።

“ይህን? ሰው ጀርባ ሥር?”

“ሰው ጀርባ ሥር ይሙቅ። ለሥራዬ የሚበቃውን አስቀርቻለሁ። ከዚያ በላይ የያዝኩት ለትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ አልጋ አያለብስም።”

ምላጯን ከቦርሳዋ አውጥታ የፍራሹን ስፌት ራሷ ፈታችው። ግራጫውን በእጇ እየዛቀች አወጣች፤ በምትኩ አበባውን ሞላች። የመቅዲ ቀይ ብጣሽ እጇ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ጥጉ ላይ ጠቀጠቀቻት።

“ጥጉን አጥብቀህ ሙላ። ፍራሽ የሚጎደጉደው ከጥጉ ነው” አለችው።

“ልታስተምሪኝ ነው እንዴ?” ሙለታ ሳቀ፤ ግን ጥጉን እንደገና ሞላው። እሷ የፍራሹን አፍ ስትሰፋ እንደ ልማዷ አንጎራጎረች፦

አበባ ለቀምኩኝ ግራጫውን ጥዬ፣
ማገር የሌለው ቤት ይቆማል ወይ ብዬ።

“ይቆማል ወይ?” አለ ሙለታ።

“አልቆመም” አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ስድስቱ የአልጋ ልብሶች በስድስቱ አልጋዎች ላይ ተዘረጉ። ሴና ጫማዋን አውልቃ ከክፍል ክፍል ሄደች፤ ተመልሳም ሄደች። እያንዳንዱን ዳር በመዳፏ ዳበሰች።

“መጀመሪያ የሰፋሻቸው የትኞቹ ናቸው?”

“አንቺው ለዪያቸው” አለች ሐመልማል።

ሴና ሁለት ጊዜ ገመተች፤ ሁለቴም ሳተች። “የላይኛውን ፎቅ ሠርቼ ስጨርስ ስድስት ሌላ ትሰፊልኛለሽ” አለች።

በጥር ሰርጉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲደርስ፣ ልብስ ሰፊው ፍቅረየሱስ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ ጠራት።

“ሐመልማል! ሐር፣ አበባ፣ ዳንቴል፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጠብቄልሻለሁ። ሌላ ሳይወስደው ነይ!”

ገባች። ሐሩን በሁለት እጇ አንሥታ ፊቷ ላይ አስጠጋችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ስድስት እቅፍ ቆጥራ ወሰደችና የቀረውን ማዳበሪያ አፉን አስራ ወደ ፍቅረየሱስ ገፋችው።

“ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?”

“ደህና ነኝ። ይልቅ ንገረኝ፤ ትምህርት ቤቱ ለመጪው ዓመት የዩኒፎርሙን ግራጫ ይቀይር ይሆን?”