ጠበሉ አልነበረም

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስናዘዝ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ማንን እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አፌን ይዤ ወጣሁ። ዋሽቻለሁ ማለት ምን ይከብዳል? ማን ያልዋሸ አለ? እኔ የዋሸሁት ግን እንደ እናት ያዩኝን ሴት ነው፤ እዚያው ቤታቸው ተቀምጬ።

ሞጣ ላይ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት ቢቸና የቅኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የኔታ ጥበቡ ጉባኤ። አልሆነልኝም። ከጓደኞቼ አፍ የሚፈሰው እኔ ጋ ሲደርስ ይደርቃል። ትቼ ስወጣ የኔታ አልተቆጡኝም፤ ባለቤታቸው እማማ የሻረግ ደግሞ የተቆላ ሽምብራ በፌስታል ቋጥረው ሸኙኝ። ኋላ ሱቅ ከፍቼ መጠገን መጀመሬን ሲሰሙ፣ የኔታ ለመጣው ለሄደው «የእኔ ተማሪ እኮ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ጉድ የሠራችኝ ያቺ ወሬ ናት። የማልረባው ተማሪ በመጨረሻ የሚኮሩብኝ ሆኜ ተገኘሁ፤ ከዚያ ዝቅ ማለት ሞት መሰለኝ።

የኔታ አረጁ፣ ታመሙ። ልጃቸው የኔነሽ አስተማሪ ናት። አባቷ የሚያውቁት ቅኔ ሁሉ አብሯቸው አፈር እንዳይገባ ብላ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዛችና አልጋቸው ግርጌ አስቀመጠችው፤ የሚሠራ ሶኬት ያለው እዚያ ክፍል ብቻ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ጊዜ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ታዲያ ኮምፒውተሩ በሥራ መሃል ድንገት እየጠፋ ራሱ ይነሣ ጀመር። ጽሑፉ እንኳ አይጠፋም፤ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ታደርገዋለች። የሚጠፋው የየኔታ ነገር ነው። ዕድሜ ልካቸውን በቃል ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ መሃል ላይ ከተቋረጡ ከመሃል መቀጠል አይሆንላቸውም፣ እንደገና ከመነሻው ይጀምራሉ። የታመመ ሰው ስንቴ ከመነሻው ይጀምራል?

የኔነሽ ደወለችልኝና ሄድኩ። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ፤ የቢቸና መብራት እንደሆነ ከፍ ዝቅ ሲል ነው የሚውለው። መብራቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ገጠምኩለት፣ ያው ነው። ሚሞሪውን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ ፈገፈግኩት፣ ያው ነው። ክዳኑን ስፈታ የውስጡ ማራገቢያ በአቧራ ተደፍኗል። ችግሩ ይኸው ነበር፤ ሙቀት። ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አጸዳሁት። ማራገቢያውን ወደ ቦታው ስመልስ የኔታ ከአልጋቸው ሆነው ብረቱን አናገርከው ወይ ብለው ቀለዱብኝ፤ እኔም ለመልሱ ስቸኩል፣ ጎበዝ ልምሰል ስል፣ ዓይኔን ከእጄ ላይ አነሣሁ። ማራገቢያውን የሚይዘው የፕላስቲክ እግር ቀጭ አለ። እኔ ሰማሁት፤ ሌላ ማንም አልሰማም። ጫን አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ሳስነሣው ሠራ። ድኗል አልኳቸው። መረቁኝ፤ ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ብዙ ሳይቆይ የኔነሽ ደግማ ደወለች። ጭራሽ ባሰበት፣ አሁንማ አንድ ገጽ አያስጽፈንም አለች። ገና ሳትጨርስ ምክንያቱን ዐውቄዋለሁ። ሄጄ እኔ ነኝ የሰበርኩት ብል ምን እሆን ነበር? ሱቄ ውስጥ ካሉት አሮጌዎች ከአንዱ ፈትቼ ብገጥምለት ያለቀ ነገር ነው። መኪና ላይ እንዲያ ልላቸው አስቤ ነበር። አስቤ ነበር! ማሰቤ ለማን በጀ?

ክዳኑን ፈትቼ የተሰበረችዋን እግር ከውስጥ ሳወጣ እማማ የሻረግ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እንደ ሰዉ ሁሉ ጠበል ከቤተ ክርስቲያን እያመጡ ቤታቸውን ይረጩ ነበር፤ የኔታ ከታመሙ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አልጋቸውን ጭምር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ጠበሉን ስረጭ ጠብ ብሎበት ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

አይደለም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ማን አስገደደኝ? የኔታ ያዩኛል፤ የኔነሽ ታየኛለች፤ ፕላስቲኩ መዳፌ ውስጥ ነው።

«አዎ እማማ፣ ውሃ ገብቶበታል» አልኩ።

የኔነሽ እናቷን ተቆጣች፤ እንዲያ ስትናገራቸው ሰምቼ አላውቅም። የኔታ ተያት፣ ጠበል ነው የረጨችው፣ መርዝ አልረጨች አሉ። እማማ ግን የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው እንደቆሙ ቀሩ። እኔ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ቦርዱ ተበላሽቷል፣ እንግዲህ እስከሠራ ድረስ ይሥራ ብዬ ፕላስቲኩን ኪሴ ከተትኩ። እሺ ዋሸሁ፤ በኋላስ ለምን ማራገቢያ አምጥቼ አልለወጥኩለትም? ቢድን የኔነሽ ሞኝ አይደለችም፤ ውሃ ያበላሸው በማራገቢያ እንዴት ዳነ ትለኛለች። ለዚህ ስል ተውኩት። እኔ ለዚህ ስል ተውኩት።

አንድ ቀን ደውላ፣ ጠዋት መስኮቱን ከፍተን ብርዱ ሲገባ ትንሽ ይቆይልናል፣ ለምን ይሆን? አለችኝ። እውነቱን በእጇ ይዛው ነበር። እኔ ደግሞ ነፋሱ ውሃውን እያደረቀው ነው አልኳት። አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው በተኛበት ክፍል መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ይከፈት ጀመር።

እማማ የሻረግም እዚያ ክፍል ጠበል ይዘው መግባት ተዉ። ለየኔታ ጠበል ሲያስፈልግ ጎረቤት ይጠራና በወንበር ተሸክሞ ወደ ግቢ ያወጣቸዋል፤ ተረጭተው እየተንቀጠቀጡ ይመለሳሉ። ሰው ነግሮኝ አይደለም። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ወንበሩን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቅለታቸው እስከ አሁን ክንዴ ላይ አለ።

በኋላ የኔታ መናገሩን ተዉት። ስጀምር ያቋርጠኛል፣ ደከመኝ አሏት ልጃቸውን። ዐረፉም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ መጀመሪያው። መጨረሻው የለም። ዐሥር ጊዜ ቢያስተምሩኝ እንኳ አልቀበል ያለው ይኸው ደረቅ ጭንቅላቴ፣ ያንን መጨረሻ ከእሳቸው ጋር እንዲቀበር አደረገው።

በአርባቸው ዕለት ሰዉ ድንኳን ውስጥ ሳለ እማማ የሻረግ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ሊነግሩኝ ነው፣ ደርሰውብኛል ብዬ ተከተልኳቸው። እግዜር ያውቃል፣ በሆዴ ተመስገን ብያለሁ። እሳቸው ግን እጄን ያዙና፣

«ልጄ፣ ውሃ አፍስሼ የደከምክበትን አበላሸሁብህ። የእሳቸውንም ቃል ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ፣ የሰጡኝንም ቀኖና ሰግጄ ጨርሻለሁ። አንተን ግን አልጠየቅኩም፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

በዚያ ጉልበታቸው። የእኔን ኃጢአት።

ምን አልኩ መሰላችሁ? ይቅር ብያለሁ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይፍታዎት እማማ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። ከዋሸሁት ይልቅ ይኸኛው ነው የሚያባንነኝ። በዳይ እንዴት ተበዳይን ይቅር ይላል? አድርጌዋለሁ፤ ይቻላል።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ተነሥቻለሁ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። መንገድ ተዘጋ በተባለ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እኔ በሆዴ እፎይ አልኩ። መንገዱ ተከፈተ፤ ሄድኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ምሳ በላሁ፤ ተመለስኩ። ብነግራቸው ተናዝዘው ልባቸው ያረፈው እማማ ሌላ ሐዘን ይጀምራሉ፤ ባልነግራቸው ያልሠሩትን ተሸክመው ይሞታሉ እላለሁ። ይኼም ቢሆን ፍርሃቴን ማልበሻ ነው። ምላሴ አልታዘዝ ስላለኝ ጻፍኩት፤ እሳቸው ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅኩ።

እናንተ የምታነቡ ይቅር አትበሉኝ፤ የእናንተ አይደለም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የበደላቸው ሰው መኖሩን አያውቁም። ባለፈው ስሄድ ያ ክፍል ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሩን የኔነሽ ወስዳዋለች። እማማ ጠበል ይዘው ቤቱን ሲረጩ ከዚያ ክፍል ደጃፍ ሲደርሱ ቆም አሉና እጃቸውን በነጠላቸው አድርቀው ተመለሱ።