የንጋቷ ጥፊ

ንጋቷን አልወዳትም። ይሄን ከማንም ደብቄ አላውቅም፤ ለራሷም ነግሬያታለሁ። ሳቀችና «አንቺ ደግሞ፣ ቁርስ በላሽ?» አለችኝ። እንዲህ ስትሆን ነው የባሰ የምታናድደኝ።

የሰላ ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ቄስ ናቸው። ፖሊስ ማሠልጠኛ አብረን ገባን፣ አብረን ወጣን፣ ደብረ ብርሃን አንድ ጣቢያ ተመደብን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከፊቴ ዞር አላለችም። ፀሐይ የበላው የደንብ ልብስ እንኳ እሷ ላይ ሲሆን ያምራል። እኔ የጻፍኩትን ሪፖርት አለቃችን ኢንስፔክተር ወልደአረጋይ ሦስቴ ያስደግሙኛል፤ የእሷን ለአዲስ ምልምሎች ያነቡላቸዋል። አዎ ቀናሁ፣ ምን ይጠበስ? ዘንድሮ ደግሞ ለጣቢያው አንድ የሳጅንነት ማዕረግ መጣ፤ ተወዳዳሪዎቹ እኔና እሷ። ለማን እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቀዋል። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ማክሰኞ ገበያው ዳር መንገድ እያስለቀቅን ነበር። አቶ ታደለ የሚባሉ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ካምፕ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ የሽንኩርት ጋሪያቸውን አስፋልት ላይ አቁመዋል። ንጋቷ ሁለቴ ነገረቻቸው። ሦስተኛውን በጥፊ አደረገችው። ሰውዬው ጉንጫቸውን ይዘው እኔን አዩኝ። ዞር አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ ብሎኝ ነበር። አለቀላት ብዬ።

በማግስቱ ላሳብቅባት የኢንስፔክተሩን ቢሮ አንኳኩቼ ስገባ ንጋቷ ቀድማኝ ቆማለች። «ሰው መትቻለሁ፤ የማቀርበው ምክንያት የለኝም» ብላ ቃሏን ጽፋ ፈርማበታለች። በዚህም ቀደመችኝ። ኢንስፔክተሩ አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም ነበርሽ። ለምን አላስቆምሻትም?»

«ድንገት ሆነብኝ ጌታዬ።»

«እሺ፣ ከዚያስ በኋላ? ተጎዱ ወይ ብለሽ ሰውዬውን ጠየቅሻቸው?»

ዓይኔን ንጋቷ የፈረመችበት ወረቀት ላይ ተከልኩ።

ንጋቷ ካምፕ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ቅጣቱ ግን በዚያ አልቀረላትም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማህደሯ ውስጥ ገባ፣ የማዕረግ እድገቷም ለሁለት ዓመት ታገደ። ሳጅንነቱ የእኔ ሆነ። ማዕረጉን ስቀበል ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ልታናድደኝ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር፤ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት አቶ ታደለ ጣቢያ መጡ። አንድ የእኛው ኮንስታብል ጋሪያቸውን ወስዶ አልመልስም ብሏቸዋል። ፖሊስን ለፖሊስ ሊከሱ ነው እንግዲህ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«ይቀመጡ አባቴ። ሳጅን ወይንሸት እባላለሁ፤ አቤቱታዎን ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺንማ አውቅሻለሁ» አሉ። «ያቺን የመታችኝን ልጅ ጥሪልኝ።»