በምርጫው ቀን የያዝኳት በቅሎ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ ጾም የገደፍኩበትን ቀን፣ ሚስቴን ያስቀየምኩበትን፣ ገበያ ላይ የቀጠፍኩትን ትንሽ ትንሹን ሁሉ እየዘረዘርኩ ስናዘዝ ኖሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ ለማላውቅህ ለአንተ እጽፈዋለሁ። ፊትህን ስለማላየው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

እኔ በቅሎ ነጋዴ ነበርኩ። ከሞጆ እስከ አዳማ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዝዋይ መንገድ ድረስ፣ ስለ በቅሎ ከሆነ ዘሪሁን ያለው አይታጠፍም ይባልልኝ ነበር። ጥርሷን አይቼ ዕድሜዋን፣ አረማመዷን አይቼ የማን እንደሆነች እናገራለሁ። ይህን የምነግርህ ልኩራራብህ አይደለም፤ የዋሸሁት ውሸት እንዴት እንደታመነልኝ እንድታውቀው ነው።

ኦቦ ቱሉ ከቆቃ ወዲህ ያለው የአዋሽ ዳር አገር ባላባት ነበሩ። አማራውም ኦሮሞውም እንደ አገሩ ወግ ኦቦ ይላቸዋል። ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚነቃነቅ ሽማግሌ ነበሩ። ከምርጫው ሁለት ዓመት በፊት አንዲት ዳማ በቅሎ ሸጥኩላቸው። በአገሩ ልማድ ከብት ያለ ዋስ አይሸጥም፤ ነገ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው ያ ዋስ ነው። እኔ ዋስ ልጥራ ስል ትከሻቸው ተነቃነቀ። “በእኔና በአንተ መሀል ምን ዋስ ያስፈልጋል?” አሉኝ። ኮራሁ። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሳይቀር ነገርኳት።

ሕገ መንግሥቱ በወጣ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላይ ምክር ቤት ሊቆም ነው፣ ከየአገሩ ሰው ተመርጦ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሕዝቡ ገና አይመርጥም፤ የሚመርጡለት ሹማምንቱና ባላባቶቹ ናቸው። ለእኛ አገር ሁለት ሰው ታጨ። አንዱ ኦቦ ቱሉ፣ ሁለተኛው የአዳማው ባለ ብዙ ርስት ግራዝማች ወንድይራድ። መራጮቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ግራዝማችን ጨምሮ አምስቱ ወዲያ፣ ኦቦ ቱሉን ጨምሮ ስድስቱ ወዲህ ሆኑ። እኩል ለእኩል ከሆነ የሚቆርጡት አገረ ገዢው ናቸው፤ አገረ ገዢው ደግሞ ከግራዝማች ጋር በጋብቻ ተዛምደዋል። የአንድ ሰው መቅረት ምን ያህል እንደሆነ ገባህ?

ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። ግራዝማች የአዋሽን ዳር ግጦሽ በቃላድ፣ በመሬት መለኪያው ገመድ፣ አስለክተው ለራሳቸው ሊያደርጉት ተነስተው ነበር። በበጋ፣ ምድሩ ሁሉ አመድ ሲሆን፣ የዚያ አገር ከብት የሚተርፈው በዚያ ሣር ነው። ኦቦ ቱሉ ምክር ቤት ከገቡ የሕዝቡን አቤቱታ ራሳቸው ይዘው ይቆማሉ፤ ከቀሩ የሚናገርለት የለም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አውቅ ነበር።

ግራዝማች አስጠርተው የጠየቁኝ ኦቦ ቱሉ በምርጫው ቀን እንዲዘገዩ ብቻ ነው። ከሣሩ ለበቅሎዎችህ የሚሆን ይደርስሃል አሉኝ። እንዴት እንደማዘገያቸው አልነገሩኝም። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ።

በዚያ ቀን በማለዳ የባቡር ሐዲዱን ተሻግሬ፣ ከአዋሽ በኩል ወደ ምርጫው የሚያመጣው መንገድ ላይ ግራር ሥር ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ኦቦ ቱሉ በዚያችው ዳማ በቅሎ፣ ሁለት አሽከሮች አስከትለው መጡ። ነጭ ኩታ ለብሰዋል። እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ሊሸኘኝ ወጣ ብለው ይሆናል። ልጓሙን ያዝኩና “በንጉሥ አምላክ፤ ይህች በቅሎ የጠፋችብኝ በቅሎዬ ናት” አልኳቸው።

በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ኦቦ ቱሉ ቆሙ። “ማል ታቴ፣ ያ ዘሪሁን?” አሉኝ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ አንተው አይደለህም ወይ የሸጥክልኝ አሉ። ዋስ ይጥሩ አልኳቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

አሽከሮቹ ዱላቸውን አንስተው ሊያስለቅቁኝ መጡ። ቢመቱኝ ኖሮ እንዴት በታደልኩ። እሳቸው ከለከሏቸው። “ለሕግ ቤት ልመረጥ እየሄድኩ፣ በንጉሥ አምላክ ያለኝን ሰው ረግጬ ባልፍ፣ እዚያ ደርሼ በምን አፌ እናገራለሁ?” አሏቸው። ከበቅሎዋ ወረዱ። የተካሰሰ ሰው ዳኛ እስኪገኝ በልብሱ ጫፍ ይቆራኛልና የኩታቸውን ጫፍ ከእኔ ኩታ ጫፍ ጋር የቋጠሩት ራሳቸው ናቸው። እኔ ልጓሙን እንደያዝኩ ነበር።

መንገደኛ ሁሉ፣ ሽማግሌ ከሆነ፣ የመንገድ ዳኛ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አንድ አሞሌ ነጋዴ መጣ፤ ኦቦ ቱሉ ይዳኘን አሉ፤ ወዳጅዎ ነው ብዬ አልቀበልም አልኩ። ቀጥሎ አንድ ሼህ በአህያ መጡ፤ እሳቸውንም አልወደድኩም አልኩ። ዳኛ አለመውደድ ደግሞ የከሳሽ መብት ነው። ኦቦ ቱሉ በቅሎዋን ይዘህ ቆይ፣ እኔ ልሂድና ነገ እንፋረድ ቢሉኝ፣ ሌባነትዎን አምነው ነው ወይ የሚለቁልኝ አልኳቸው። ሌባ የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰው ተሰብስቦ ነበርና። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፣ አለፈች። ጥላው በዞረ ቁጥር አብረን እንዞራለን። አንድ ጊዜ ውሃ ሲያመጡላቸው ቅሉን መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ጠጣሁ። እንዴት ጠጣሁ?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የግራዝማች አሽከር በፈረስ መጥቶ ምርጫው ማለቁን ተናገረ። ድምፁ እኩል ሆኖ ለግራዝማች ተቆርጧል። እኔም ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሬ “ለሽማግሌ ክብር ስል ክሱን ትቼዋለሁ” አልኩ። ተሳስቻለሁ ብል ነውሩ ወደ እኔ ይመለሳል፤ ትቻለሁ ስል ግን እሳቸው ላይ ይቀራል። ይህንንም አስቤበት ነው።

ኦቦ ቱሉ ቋጠሮውን ሲፈቱ ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። “የኔ ልጅ፣ እውነት ያንተ ናት?”

“ንጉሥ ይሙት፣ የኔ ናት” አልኩ።

በቅሎዋን እየጎተቱ በእግራቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀምጠውባት ያየ የለም።

ሣሩ በዚያው ዓመት ተለካ። እኔም የድርሻዬን አገኘሁ፤ በቅሎዎቼ ወፈሩ። በበጋው የአዋሽ ዳር ከብት አለቀ፤ ሰዉ ግማሹ ወደ ላንጋኖ በኩል ተሰደደ። ሲሄዱ በደጄ አለፉ፤ በሬን ዘግቼ በቀዳዳ አየኋቸው። ኦቦ ቱሉ አቤት ሊሉ አዲስ አበባ ወጥተው ደጅ ሲጠኑ ታመው ተመለሱ። ሁለተኛ ለምርጫ ያነሳቸው አልነበረም፤ በሰው በቅሎ ሲሄድ የተያዘ ሰው ማን ያነሳል?

እኔን ሌሊት አያስፈራኝም። ቀትር ነው የሚያስፈራኝ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ኩታዬን በግራ በኩል የሚጎትተኝ አለ። ዞር ስል ማንም የለም። የኩታዬን ጫፍ ከብብቴ ሥር ሸጉጬ መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ሚስቴ ብርድ ይፈራል ትላለች። ግራር ሥር አላርፍም። ማንም ይሁን፣ ከራሱ አስቀድሞ ውሃ የሰጠኝ ሰው ቤት ሁለተኛ አልሄድም።

እስካሁን የነገርኩህን ግን ከፊሉን ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ የጠረጠረም አይጠፋም። ማንም የማያውቀው የሚከተለው ነው።

ኦቦ ቱሉ በሞቱ በአርባኛው ቀን፣ ልጃቸው ጫልቱ ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ በጠራራ ፀሐይ ደጄ ላይ ቆመች። ዳማዋን በቅሎ እየሳበች ነበር። ለልጁ አጭቷት የነበረው ቤተሰብ የሌባ ልጅ አናገባም ብሎ መመለሱን ሰምቼ ነበር። ገና ልጅ ናት፤ ዓይኗ ያበጠ፣ ድምፅዋ ግን ደህና።

“አባቴ ሲሞት በንጉሥ ስም የተማለበት ከብት ቤቴ አይደር ብሎናል” አለችኝ። “በቅሎዎን አምጥቻለሁ። አባቴን ይቅር ይበሉት። እነዚህ ሽማግሌዎች ይስሙልኝና እኛም ሰው ፊት ቀና ብለን እንሂድ።”

ያች ሰዓት የተሰጠችኝ ነበረች። አንድ ቃል፣ አባትሽ ንጹሕ ነው የምትል አንዲት ቃል፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ ብተነፍስ ልጅቱ ትድን ነበር፤ እሳቸውም በመቃብራቸው ይድኑ ነበር። ግን የምትድነው እሷ ስትሆን የምጠፋው እኔ ነኝ። ቤቱን አሰብኩ፣ ሣሩን አሰብኩ፣ ዘሪሁን ያለው አይታጠፍም የሚለውን ስም አሰብኩ።

ልጓሙን ተቀበልኳት። ከዚያም እጄን ወደ ላይ አንስቼ “ይቅር ብያቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር” አልኩ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ጫልቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ እያለቀሰችም አመሰገነችኝ።

አንባቢዬ፣ ፍታኝ አልልህም። ቢርበኝ ነው፣ ግራዝማች አስገድደውኝ ነው አልልም። ከአንተም ከአምላክም ይቅርታ ለመለመን አፌን ስከፍት የሚወጣው ያን ቀን በጫልቱ ፊት ያልኩት ቃል ነው። እኔ የበደልኩትን ሰው ይቅር ያልኩ ሰው ነኝ።